ገበጣ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ

የሒሳብ ትምህርት በብዙ ሕፃናት ዘንድ የሚፈራ መሆኑ ለመምህራን እንግዳ ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ በክፍል ውስጥ ማካፈል የሚያስጨንቀው ተማሪ ከደጅ ወጥቶ ገበጣ ሲጫወት ጠጠሩን በዓይኑ ቆጥሮ የትኛው ጉድጓድ እንደሚያዋጣው ሲወስን ይታያል። ታዲያ ይህን ችሎታ ወደ ትምህርቱ ለማምጣት ምን ማድረግ ይገባል?

ገበጣ በአገራችን ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ጨዋታ ሲሆን፣ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት ብዙ ዓይነት አጨዋወቶችን መዝግበዋል። ለክፍል የሚመቸው በሁለት ረድፍ ስድስት ስድስት ጉድጓድ ያለው ነው። ጉድጓዱ መሬት ላይ ይማሳል፤ ጠጠሩም ከግቢው ይለቀማል። በየጉድጓዱ 4 ጠጠር ሲቀመጥ 12 ጊዜ 4፣ 48 ይሆናል። በጨዋታው መጨረሻ አንዱ ተጫዋች 29 ቢሰበስብ፣ የሌላው 19 መሆኑ ሳይቆጠር በመቀነስ ይታወቃል።

ዋናው ጥቅም ግን በማካፈል ላይ ነው። ተጫዋቹ ከአንድ ጉድጓድ ያነሣውን ጠጠር ከሚቀጥለው ጀምሮ አንድ አንድ እየጣለ ይዞራል። 12 ጠጠር ያነሣ እንደሆነ የመጨረሻው ጠጠር ከተነሣበት ጉድጓድ ያርፋል። 15 ያነሣ እንደሆነ ግን ከዚያ 3 ጉድጓድ ያልፋል። ይህም 15 ለ12 ሲካፈል ድርሻው 1፣ ቀሪው 3 ነው ማለት ነው። በዚህ ዓይነት «ቀሪ» የሚባለው ነገር ለሕፃኑ በዓይን የሚታይ፣ በእጅ የሚዳሰስ ይሆናል።

ከዚህ ላይ ሊዘነጋ የማይገባው ነገር አለ። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ በአንድ ወቅት ለማስተማር ልምምድ የወጣ ዕጩ መምህር ያቀረበውን የገበጣ ትምህርት ዕቅድ ተመልክቶ አጽድቆ ነበር። ክፍለ ጊዜው በደስታ አለፈ፤ በማግስቱ ግን ልጆቹ ስለ ቀሪ ሲጠየቁ የመለሰ አልተገኘም። ጥፋቱ የልጆቹም የዕጩ መምህሩም አልነበረም፤ በጸደቀው ዕቅድ ውስጥ አንድም ጥያቄ አልነበረበትም።

ስለዚህ መምህሩ ሦስት ነገሮችን በቅደም ተከተል ሊያስፈጽም ይገባዋል። አንደኛ፣ ተማሪው ጠጠሩን ከማንሣቱ በፊት የመጨረሻው ጠጠር የት እንደሚያርፍ ይናገር። ሁለተኛ፣ ተጫውቶ ግምቱን ያረጋግጥ። ሦስተኛ፣ ውጤቱን በደብተሩ በሒሳብ ዐረፍተ ነገር ይጻፍ። ነጥቡም ብዙ ጠጠር ለሰበሰበ ሳይሆን ግምቱ ለተሳካለት ቢሰጥ፣ በጨዋታው ደካማ የሆነው ልጅ ከማፈር ይድናል።

በአጭሩ፣ መምህሩ የሚጠይቀውን ጥያቄ አስቀድሞ ያልጻፈበት ጨዋታ በትምህርት ዕቅዱ ውስጥ ባይገባ ይመረጣል።