በጅቡቲ መንገድ ላይ ስለሚገኘው የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ

በጅቡቲ ወደብ ዕቃ የሚያስመጣ፥ ወይም ቡናና የቅባት እህል ወደ ውጭ የሚልክ ነጋዴ ሁሉ የአዋሽን ብሔራዊ ፓርክ በስሙ ያውቀዋል፤ ብዙው ሰው ግን ያየው በመኪና መስኮት ብቻ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ምሥራቅ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ የመተሐራን ከተማ ካለፉ በኋላ፥ እስከ አዋሽ ሰባት ኪሎ ድረስ አውራ ጐዳናው ፓርኩን ሰንጥቆ ያልፋል። ስለዚህ የጭነት መኪናዎቹን ዘወትር በዚያ የሚያሳልፍ ሰው፥ አንድ ጊዜ ቤተሰቡን ይዞ ከመንገዱ ገባ ቢል፥ በደጁ ሳለ ያላየውን ነገር ያያል።

ፓርኩ የተመሠረተው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1966 ሲሆን፥ በ1969 ከሰሜን ተራሮች ፓርክ ጋራ በሕግ ታውጆ ጸና። ስፋቱ ከ700 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የሚያስተዳድረውም የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። በሰሜን በኩል ከፍ ብሎ የሚታየው የፈንታሌ ተራራ፥ ከባሕር ወለል በላይ 2007 ሜትር ከፍታ ያለው የእሳተ ገሞራ ተራራ ነው። በ2017 ዓ.ም. በዚሁ አካባቢ ምድር ደጋግማ በመንቀጥቀጧ ብዙ ሰዎች ከመኖሪያቸው እንዲነሡ ተደርጓል፤ ስለዚህ ጕዞ ያሰበ ሰው፥ የመንገዱንና የአካባቢውን ሁኔታ አስቀድሞ ቢጠይቅ ይበጀዋል።

በዋናው በር ለሰውና ለመኪና የተወሰነው ዋጋ ተከፍሎ ወደ ደቡብ ሲገቡ፥ ኢላላ ሳላ የተባለው ሣራማ ሜዳ ይገኛል። ቀንዱ እንደ ጦር ቀጥ ያለው ሳላ በመንጋ የሚታየው በዚህ ነው። የሜዳ ፍየልና ከርከሮም አለ፤ አምባራይሌ ግን ከቍጥቋጦው መካከል እምብዛም ስለማይወጣ፥ ዐይኑ የሠላ ልጅ ከአባቱ ቀድሞ ያየዋል። በሜዳው ላይ ረጅም እግሩን እያነሣ የሚራመድና እባብ የሚያድን አንድ ትልቅ ወፍም አለ። ከጆሮው ኋላ የተሰካ ብዕር የሚመስል ላባ ስላለው፥ ፈረንጆች «ጸሓፊው» ብለው ጠርተውታል፤ በየመደብሩ ሒሳብ የሚጽፉ ሰዎች ይህን ወፍ ሳያዩ ባይመለሱ መልካም ነው።

ሕፃናት ላሉት ቤተሰብ ከሁሉ የሚስማማው በፏፏቴው አጠገብ ያለው የፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤት ነው። እዚያ የአራዊት ቀንድ፥ የራስ ቅልና ቆዳ የተሰበሰበበት አነስተኛ ሙዚየም አለ፤ አስቀድሞ እርሱን ያየ ልጅ፥ በኋላ በሜዳው ያየውን እንስሳ በስሙ ይጠራል። ፏፏቴው እስከሚታይበት ድረስ ያለው የእግር መንገድ አጭር ነው። ይሁን እንጂ ገደሉ አጥር የለውም፥ በወንዙም አዞ ይኖራል፤ ስለዚህ የልጆችን እጅ መያዝ፥ ወደ ውኃው ዳርም አለመውረድ ያስፈልጋል። ከዚህ ርቆ በእግር ለመሄድ የሚፈልግ ሰው የፓርኩን ጠባቂ ይዞ መውጣት ይገባዋል።

ከፏፏቴው በላይና በታች ያሉት ዝንጀሮዎች አንድ ዓይነት አይደሉም። በላይኛው ወገን ያሉት ተራዎቹ ዝንጀሮዎች ሲሆኑ፥ ከታች በገደሉ የሚኖሩት ግን ወንዶቹ እንደ ካባ ያለ ነጣ ያለ ጎፈር አላቸው። ሁለቱ ዘሮች በሚገናኙበት ስፍራ ስለሚዳቀሉ፥ ከብዙ ዓመት ጀምሮ ሊቃውንት እየመጡ ሲመረምሩአቸው ኖረዋል።

ለነጋዴው በቀጥታ የሚደርስ ነገርም አለ። በሌሊት በፍጥነት የሚያልፍ ከባድ መኪና፥ መብራቱ ዐይኑን ያጠፋበትን እንስሳ ገጭቶ ይገድላል፤ ባለመኪናውም የተሰበረውን መብራትና ራዲያተር ለማሠራት ይከፍላል፥ ጭነቱም ይዘገያል። ከሰሉም እንዲሁ ነው። በመተሐራና በአዋሽ መንገድ ዳር በጆንያ ተደርድሮ የሚሸጠውን ከሰል፥ ባዶውን የሚመለስ መኪና ሾፌር ጥቂት ጥቂት ሲጭን ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የብዙ መኪናዎች ጥቂት ሲደመር ትልቅ ንግድ ይሆናል፥ ለዚህም የሚቈረጠው ግራር አምባራይሌ የሚሸሸግበት ጥላ ነው። አካባቢው ዝናቡ አነስተኛ ስለ ሆነ፥ የተቈረጠው ግራር ቶሎ አይተካም። ከብት አርቢዎቹ ከረዩዎችና አፋሮችም በድርቅ ጊዜ ግጦሽ ፍለጋ ወደ ፓርኩ ይገባሉ፤ የእነርሱ ጉዳይ ግን የመኖር ጉዳይ ስለ ሆነ፥ በአንድ ቃል የሚፈረድበት አይደለም። ለሾፌር «በዚህ ስፍራ ቀስ ብለህ ንዳ፥ ከሰልም አትጫን» ብሎ ማዘዝ ግን በባለመኪናው ሥልጣን ውስጥ ነው።

አገሩ ቆላ ስለ ሆነ ፀሐዩ ብርቱ ነው፤ አራዊቱም በቀትር ጥላ ውስጥ ይተኛሉ። ስለዚህ ማልዶ በጧት፥ ወይም ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ መግባት ይሻላል፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ያሉት ወራት ቀዝቀዝ ይላሉ። በክረምት የውስጡ መንገድ ጭቃ ሆኖ መኪና ይይዛል። የመጠጥ ውኃ፥ ትርፍ ጎማና ለሌሊት የትንኝ መከላከያ አጐበር መያዝ ያስፈልጋል፤ ቤንዚንም በመተሐራ መሙላት ነው።

ጊዜ የተረፈው ከአውራ ጐዳናው በስተሰሜን ወዳለው ፍልውኃ ሊሄድ ይችላል። በዘንባባ የተከበበና ጥርት ያለ ሰማያዊ ውኃ ነው፤ ከምንጩ አጠገብ ግን እጅ የሚያቃጥል ስለ ሆነ፥ መታጠብ የሚቻለው ራቅ ብሎ በበረደበት ብቻ ነው። መንገዱ ድንጋያማ በመሆኑ ተራ የቤት መኪና አይደርስም፤ በጂፕ ወይም በላንድሮቨር፥ ለመመለሻም ብርሃን እንዲተርፍ በጊዜ ተነሥቶ መሄድ ይገባል።