ለሚማር ፈረስ ዕረፍት ያሻዋል

የመንዝ ደጋ የፈረስ አገር ነው። በመሐል ሜዳ፥ ከባሕር ጠለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ባለው ብርዳም ምድር፥ ፈረስ ሙሽራ ያጅባል፤ በጥምቀትም የጉግስ ክብር ነው። አባቶቻችን ለፈረስ የነበራቸውን ፍቅር የፈረስ ስማቸው ይመሰክራል፤ የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ «አባ ዲና»፥ የልጅ ልጃቸው ዳግማዊ ምኒልክም «አባ ዳኘው» ይባሉ ነበር።

ነገር ግን ፈረስን መውደድና ፈረስን ማስተማር ልዩ ልዩ ነገር ነው። በልጅነታችን አንድ ያልተገራ ዳማ ፈረስ ይዘን ከጧት እስከ ቀትር ያለ ዕረፍት ስናስጨንቀው ዋልን። ጧት የታዘዘውን በቀትር እንቢ አለ፤ እኛም እልኽ ይዞን አለንጋ አነሣን። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጓም ባየ ቍጥር ይሸሽ ጀመር። ጥፋቱም የእኛ እንጂ የእርሱ አልነበረም።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1980 በአሜሪካ አገር የታተመ አንድ ጥናት ይህንኑ ያስረዳናል። ተመራማሪዎቹ ትንንሽ ፈረሶችን በሦስት ከፍለው አንደኛውን ወገን በየቀኑ፥ ሁለተኛውን በሳምንት ሁለት ጊዜ፥ ሦስተኛውን በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ አስተማሩ። በሳምንት አንድ ጊዜ የተማሩት ከሁሉ ባነሰ የትምህርት ብዛት ትእዛዙን ዐወቁ። እርግጥ ነው፥ እስኪፈጽሙ ያለፈው ቀን ከሌሎቹ የበዛ ነበር፤ ስለዚህ ዕረፍት ትዕግሥትን ይጠይቃል።

ዕረፍት በአንዱ ትምህርት መካከልም ይጠቅማል። ፈረስ የታዘዘውን በፈጸመበት ቅጽበት ዛቡ ሲላላለት መልካም እንዳደረገ ይገባዋል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት የነበረው የግሪክ ጸሓፊ ዜኖፎን እንኳ ፈረስን በቍጣ መቅረብ እንደማይገባ፥ መልካም ሲሠራም ማሳረፍ እንደሚሻል አስተምሯል።

እንግዲህ ገሪው ትምህርቱን ያሳጥር፤ ፈረሱ አንድ ነገር በሚገባ ሲፈጽም ዛቡን አላልቶ ጥቂት ያቁመው። ጭራውን እየወዘወዘ፥ ራሱን እየነቀነቀ ካስቸገረም፥ ቀድሞ የሚያውቀውን ቀላል ነገር አሠርቶ ለዕለቱ ያብቃ።

ኦሪት ዘፀአት በምዕራፍ 23 በሬና አህያ በሰባተኛው ቀን እንዲያርፉ ያዝዛል። ለሚሠራ እንስሳ ዕረፍት ከተገባው፥ ለሚማርም ይገባዋል። እኛም በመምህርነታችን የታዘብነው ይህንኑ ነው፤ ፊደል ሲቈጥር ውሎ ግራ የተጋባ ሕፃን ተጫውቶና ተኝቶ ሲመለስ ትናንት ያቃተውን ያነብባል። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ በግቢያችሁ ፈረስ ቢኖር፥ በቤታችሁም ተማሪ ቢኖር፥ «ሰነፍ ነው» ከማለታችሁ በፊት «ዐርፎ ነበርን?» ብላችሁ ጠይቁ።