የሞተር ብስክሌት ሾክና የኋለኛው ተቀማጭ ወገብ

ከደሴ ወደ ሐይቅ፥ ከሐይቅም ወደ ውጫሌ በሞተር ብስክሌት ተጭኖ የሄደ ሰው ወገቡን ሲያመው ጥፋቱን ሁሉ በመንገዱ ላይ ይጥላል። መንገዱ የራሱ ድርሻ እንዳለው አይካድም፤ በተለይም ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ አምባሰል ተራራማ መንደሮች የሚሄድ ሰው ጠጠሩንና ጉድጓዱን ያውቀዋል። ነገር ግን በመንገዱና በሰው ወገብ መካከል ሆኖ መንገጫገጩን እንዲያበርድ የተሠራ ዕቃ አለ፤ እርሱም መካኒኮች ባጭሩ ‹ሾክ› የሚሉት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የኋላውን ሾክ አሠራር ማስረዳትና ሰው ለአዲስ ሾክ ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ምን ማድረግ እንደሚገባው ማሳየት ነው።

ሞተር ብስክሌት ለብዙ ዘመን የኋላ ሾክ አልነበረውም። የኋላው ጎማ ከሻንሲው ጋር በቀጥታ ይታሰር ነበርና ነጂውን የሚያሳርፈው ከመቀመጫው ሥር ያለ ሞላ ብቻ ነበር። የአሜሪካው ሃርሊ ዴቪድሰን እንኳ በትልልቆቹ ሞተሮች ላይ የኋላ ሾክ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። ዛሬ ግን አገር ለአገር ለመዞር በተሠራው ትልቅ ሞተር ላይም ሆነ ሰውና እህል በሚያመላልሰው ትንሽ ሞተር ላይ የሾክ ሕግ አንድ ነው።

ሾክ ሁለት ነገር አለው፤ አንዱ ሞላ፥ ሁለተኛው ዘይት ነው። ሮበርት ሁክ የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1678 ባሳተመው ጽሑፍ እንዳስረዳው፥ ሞላ የሚጨመቀው በተጫነበት ክብደት ልክ ነው፤ 50 ኪሎ 1 ሳንቲ ሜትር ከጨመቀው 100 ኪሎ 2 ሳንቲ ሜትር ይጨምቀዋል። ሞላ ግን የተቀበለውን ኃይል መልሶ ስለሚሰጥ ብቻውን ቢተው ሞተሩ ሲዘል ይኖር ነበር። ይህን ዝላይ የሚያቆመው ዘይቱ ነው። ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳ እየተገፋ ሲያልፍ የዝላዩ ኃይል ወደ ሙቀት ይለወጣል። ከረጅም ጉዞ በኋላ ሾኩ ሲነካ የሚሞቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ሞላው እጅግ ደረቅ ቢሆን ጉዳት አለው፤ እጅግ ለስላሳም ቢሆን ጉዳት አለው። የተቀመጠ ሰው አካል ከሁሉ ይልቅ የሚቸገረው በሰከንድ ከ4 እስከ 8 ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች ሲናጥ ነው። ከተጫነው ክብደት የተነሣ 1 ሳንቲ ሜትር ብቻ የሚጨመቅ ሞላ በሰከንድ 5 ጊዜ ያህል ይንጣል፤ ይኸውም ወገብን በሚጎዳው ልክ መሆኑ ነው። 9 ሳንቲ ሜትር የሚጨመቀው ግን በሰከንድ ሁለት ጊዜ እንኳ አይሞላም። በሌላ በኩል ሞላው ከጭነቱ በታች ለስላሳ ከሆነ በጉድጓድ ላይ መጨመቂያውን ይጨርስና ብረት ከብረት ይጋጫል።

ይህን ሁሉ ከነጂው ይልቅ የሚቀበለው ከኋላ የተቀመጠው ሰው ነው። ነጂው በሁለቱ ጎማዎች መካከል ስለሚቀመጥ የኋላው ጎማ ሲነሣ የሚደርሰው ከፊሉ ነው፤ ኋለኛው ግን በጎማው አናት ላይ ነውና ሙሉውን ይቀበላል። ደግሞም ነጂው ጉድጓዱን አይቶ ይዘጋጃል፤ ኋለኛው በነጂው ጀርባ ተጋርዶ ሳያስበው ይመታል። መኪና በማይደርስበት መንደር ከኋላ የሚቀመጠው በሽተኛ ወይም የመውለጃዋ ቀን የደረሰ ሴት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ‹እኔን ተመችቶኛል› የሚል ነጂ የሾኩን ደኅንነት ገና አልመረመረም።

አምባሰል ለዜማ ቅኝት ስሙን የሰጠ አገር ነው። ክራር ደርዳሪ ክሩን በልኩ አጥብቆና አላልቶ ሳይቃኝ አይጫወትም፤ ሾክም እንዲሁ ቅኝት ያስፈልገዋል። ሥራው በተራ ይሁን፦

1ኛ፤ የጎማውን ነፋስ ጎማው ሳይሞቅ ፋብሪካው ባዘዘው ልክ ማድረግ። ከልክ በላይ የተነፋ ጎማ መልካሙን ሾክ ደረቅ ያስመስለዋል።

2ኛ፤ ሞተሩን አንሥቶ የኋላው ጎማ በአየር ላይ ሳለ ከጎማው ዳዶ ቀጥ ብሎ ከመቀመጫው ሥር እስካለ ምልክት ድረስ በሜትር መለካት። ከዚያ ነጂው፥ ኋለኛውና ጭነቱ ሁሉ በቦታቸው ሆነው እንደገና መለካት። ልዩነቱ ጎማው ከላይ እስከ ታች ከሚሄደው ርቀት አንድ ሦስተኛ ያህል ቢሆን መልካም ነው፤ ጎማው የሚሄደው 9 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ልዩነቱ 3 ይሆናል። ከዚህ ከበለጠ በሾኩ ላይ ያለውን ባለ ደረጃ ቀለበት ማጥበቅ፥ ካነሰ ማላላት፤ የግራውና የቀኙም ደረጃ እኩል ይሁን። ቀለበቱን ማጥበቅ ሞላውን ያደርቀዋል የሚሉ አሉ፤ እውነቱ ግን የሞተሩን ኋላ ከፍ ያደርገዋል እንጂ የሞላውን ጠባይ አይለውጥም።

3ኛ፤ መቀመጫውን በኃይል ተጭኖ መልቀቅ። አንድ ጊዜ ተነሥቶ ከረጋ ደኅና ነው፤ ደጋግሞ ከዘለለ ወይም በዘንጉ ላይ ዘይት ከታየ ሾኩ አልቋል። ከላይና ከታች ያሉት ላስቲኮች አለመበላታቸውንም ማየት ነው።

4ኛ፤ መለወጥ ግድ ከሆነ ሁለቱን ባንድነት መለወጥ። ከብሎን ቀዳዳ እስከ ብሎን ቀዳዳ ያለው ርዝመት ከአሮጌው ጋር እኩል ይሁን፤ ረጅም ሾክ የሞተሩን ኋላ አንሥቶ የመሪውን ጠባይ ይለውጣል። ሞላውም ዘወትር በሚጫነው ክብደት ይመረጥ እንጂ በቀለሙና በውፍረቱ አይሁን። ናይትሮጅን የተሞላበት ሾክ በረጅም ጠጠር መንገድ ላይ ዘይቱ አረፋ እንዳይሆን ስለሚረዳ ይመረጣል፤ ነገር ግን ሞላው ለጭነቱ ካልተስማማ ጋዙ ብቻውን ወገብ አያድንም።

ይህም ሁሉ ተደርጎ ጉድጓድ ጉድጓድ ነውና ፍጥነትን መቀነስ አይቀርም። ሆኖም ከአራቱ ነገሮች ሦስቱ የሚጠይቁት አንድ ሜትር፥ አንድ መፍቻና ጥቂት ደቂቃ ነው። ለዕረፍት ወደ አገሩ የሚመለስ ተማሪ ይህን ለአንድ ባለ ሞተር ጎረቤቱ ቢያሳይ፥ ከኋላ ለሚቀመጡት ብዙ ሰዎች ውለታ ሠራ ማለት ነው።