ባኒ ሾው እና የተበተነው ቡድን

ጃማይካ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ቦብ ማርሌይ ነው እንጂ የሴቶች ኳስ አይደለም። የማርሌይ ቤት ግን በኳሱም አለበት፦ ገንዘብ አጥቶ የተበተነውን የሴቶች ብሔራዊ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2014 እንዲነሳ ያገዘችው ልጁ ሴዴላ ናት።

የስፓኒሽ ታውኗ ካዲጃ ሾው (ቅጽል ስሟ «ባኒ») በዚህ ቡድን በወንድም በሴትም ለአገሯ ብዙ ጎል ያገባች ተጫዋች ሆነች። ጃማይካ በ2019 ከካሪቢያን የመጀመሪያዋ ሆና ለሴቶች ዓለም ዋንጫ ደረሰች፤ ሦስቱንም ጨዋታ ተሸነፈች። በ2023 የገንዘቡ ችግር አልተፈታም ነበርና የአንዷ ተጫዋች እናት መዋጮ እስከመጠየቅ ደረሱ።

እዚያ የሆነው ነገር ይገርማል። ሾው ፈረንሳይን 0ለ0 በያዙበት ጨዋታ በሁለት ቢጫ ወጣች። ፓናማን ያለ እሷ 1ለ0 አሸነፉ፤ ከብራዚል ጋር 0ለ0 ወጥተው ብራዚልን አስቀሩና ጥሎ ማለፍ ገቡ። እዚያ በኮሎምቢያ 1ለ0 ተሸነፉ። ሾው አንድም ጎል አላገባችም፤ በምድቡ ሦስት ጨዋታ ጎል ያላስገቡትን ተከላካዮች ግን ስማቸውን የሚያውቅ ስንቱ ነው?