ለዛሬ ዕቃ ማን ይከፍላል? ስለ ቤተ መዘክርና ስለ ለጋሾች አጭር ማብራሪያ

በደቡብ ለንደን በብሪክስተን፣ ዊንድረሽ አደባባይ ላይ፣ ብላክ ካልቸራል አርካይቭስ የተባለው የጥቁር ሕዝቦች ቤተ መዛግብት ይገኛል። ሌን ጋሪሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1981 የመሠረቱት ይህ ድርጅት አሁን ወዳለበት ሕንፃ የገባው በ2014 ነው። ድርጅቱ ከቪክቶሪያና አልበርት ቤተ መዘክር ጋር ያከናወነው አንድ ሥራ ለእኛ ትምህርት ይሆናል። ከብሔራዊው ሎተሪ ለቅርስ በሚመደበው ገንዘብ ድጋፍ፣ ከ1950ዎቹ እስከ 1990ዎቹ የጥቁር ብሪታንያውያንን ኑሮ የሚያሳዩ የ17 ሰዎች 118 ፎቶግራፎች ለቤተ መዘክሩ ተሰበሰቡ፤ በ2015ም በሁለቱም ተቋማት ለሕዝብ ቀረቡ። ቤተ መዛግብቱ በበኩሉ የፎቶግራፍ አንሺዎቹንና የተነሺዎቹን ቃል በድምፅ ቀዳ። ይህን ማድረግ የተቻለው ባለቤቶቹ በሕይወት ሳሉ ስለተደረሰባቸው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። የዘመኑ ዕቃ በገበያ ርካሽ ከሆነ ለጋሽ ለምን ያስፈልጋል? ቪክቶሪያና አልበርት በ2014 የዕለት ዕለት ዕቃዎችን በፍጥነት መሰብሰብ ሲጀምር፣ በ2013 በባንግላዴሽ ከፈረሰው ከራና ፕላዛ ሕንፃ አደጋ ጋር የተያያዘ ርካሽ ሱሪም ወስዷል። የሱሪው ዋጋ ኢምንት ነው። ወጪው የሚጀምረው ከግዢው በኋላ ነው፤ መመዝገብ፣ ማጥናት፣ ከብልና ከእርጥበት መጠበቅ፣ ማከማቻ መስጠት፣ ይህንንም ያለ ጊዜ ገደብ መቀጠል። ስለዚህ ዕቃውን ብቻ የሚሰጥ ሰው፣ ሳያስበው፣ ለቤተ መዘክሩ ዕዳ ሊያወርስ ይችላል።

በብሪታንያ ይህን ሸክም ብዙዎች ይካፈሉታል። ከ1903 ጀምሮ የኖረው አርት ፈንድ የአባላቱን መዋጮ አሰባስቦ ቤተ መዘክሮችን በግዢ ይረዳል። ግብር ከፋይ ለተመዘገበ በጎ አድራጎት ድርጅት አንድ ፓውንድ ሲሰጥና ሲፈርም ደግሞ መንግሥት 25 ፔንስ ይጨምርበታል።

ልማዱ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1963 በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም፣ ለቤተ መዘክሩ መስቀልና ሥዕል ገበያ ላይ ወጥተው ከአገር እንዳይወጡ ገንዘብ እያሰባሰበ የሚገዛ የወዳጆች ማኅበር ነበረው። ውለታው ከፍ ያለ ነው። ሆኖም የለጋሽ ዓይን ሁልጊዜ ወደ ጥንቱ ያዘነብላል።

እኛም በስደት የምንኖረው እንዲሁ ነን። በ1868 ከመቅደላ የተዘረፉት ቅርሶች እንዲመለሱ እንጠይቃለን፤ ተገቢም ነው። ነገር ግን ከእነዚያ ዕቃዎች የብዙዎቹን ሠሪ ስም ዛሬ የሚነግረን የለም፤ በጊዜው የጠየቀና የጻፈ አልነበረምና። በዘመናችን ዕቃ ላይ ይኸው ስሕተት እንዳይደገም ያሰጋል። በ1990ዎቹ በአገር ቤት የተስፋፋችውን ላቀች የተባለችውን የከሰል ምድጃ እናስብ፤ ውጭዋ ቆርቆሮ፣ ውስጧ ሸክላ፣ ከሰል ቆጣቢ። በአሜሪካም ስደተኛው ለኖርዌይ ተወላጆች የድንች ቂጣ የተሠራውን የኤሌክትሪክ ምጣድ ለእንጀራ አውሎታል። ሁለቱም የዘመናችንን ኑሮ ከብዙ መጻሕፍት ይልቅ በቅርብ ያስረዳሉ። ሸክላውን ያበጀችው፣ ቆርቆሮውን የቀጠቀጠው፣ ምጣዱን መጀመሪያ የሞከረችው እናት ዛሬ ሊጠየቁ ይችላሉ፤ ነገ ግን አይቻልም።

ስለሆነም የምሁራን ማኅበሮቻችን አነስተኛ ፈንድ ቢያቋቁሙ መልካም ነው እላለሁ። መዋጮው በሦስት ይከፈል፤ ለዕቃው መግዣ፣ የሠሪውንና የተጠቃሚውን ቃል ለመመዝገብ፣ ለጥበቃ። ምርጫው ግን ለቤተ መዘክሩ ባለሙያዎች ይተው፤ ለጋሽ ከመረጠ ስብስቡ የለጋሹ ሳሎን ይሆናልና። ሥራውን ለመጀመር ብዙ ገንዘብ አያሻም፤ የሚያሻው ሠሪዎቹ ሳያልፉ መድረስ ነው።