የማይከፈቱት የጉኑንግ ካዊ በሮች

ከኡቡድ ከተማ በስተሰሜን፣ በታምፓክሲሪንግ አቅራቢያ፣ የፓኬሪሳን ወንዝ የባሊን ደሴት ምድር ሰንጥቆ ይወርዳል። የጉኑንግ ካዊ መቅደሶች የተፈለፈሉት በዚሁ ሸለቆ ግራና ቀኝ ገደል ላይ ነው። እዚያ ለመድረስ በሩዝ እርከኖች መሃል ከ250 በላይ ደረጃ መውረድ ግድ ነው። መውረዱስ ቀላል ነው፤ ጉልበት የሚፈትነው በቀትር ፀሐይ መመለሱ ነው። ዛሬም የሚጸለይበት ቦታ ስለሆነ ወንዱም ሴቱም ሽርጥ አሸርጦ፣ መቀነት ታጥቆ ይገባል። ያልያዘ ከበሩ ይዋሳል።

ከታች፣ ገደሉ ወደ ውስጥ በጥልቀት ተቦርቡሮ፣ በየቅስቱ ሥር 7 ሜትር ገደማ ቁመት ያለው ቻንዲ ይታያል። ቻንዲ ወደ ላይ በእርከን እየጠበበ የሚሄድ መቅደስ ነው። ጠቅላላ 10 ናቸው፦ 5ቱ ከወንዙ በስተምሥራቅ፣ 4ቱ ከማዶ፣ አንዱ ለብቻው ወደ ደቡብ ፈንጠር ብሎ። ውቅር ሕንጻ ሲባል ገብቶ የሚያየው አዳራሽ የሚጠብቅ ሰው ግን እዚህ ግር ይለዋል። መቃኑ አለ፣ ጉበኑ አለ፣ በሩም አለ፤ ሁሉም ድፍን ድንጋይ ነው። ከእሳተ ገሞራ የተገኘው ይህ ዓለት ለመሮ የሚታዘዝ ለስላሳ በመሆኑ ዝናብም ይበላዋል፤ ለዘመናት የጋረዳቸው የቅስቱ ጥልቀት ነው።

ሥራው የ11ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ብዙ ሰው የነገሥታት መቃብር ይላቸዋል፤ ሆኖም አፅምም ሆነ አመድ አልተገኘባቸውም። ከሞቱ በኋላ ከአማልክት ተቀላቀሉ የተባሉ ነገሥታት የሚታሰቡባቸው ናቸው። ከምሥራቁ ረድፍ በአንዱ ድፍን በር አናት ላይ፣ በጃሉ ያረፈ ንጉሥን የሚያወሳ አጭር ጽሑፍ ተቀርጿል። ስም ግን የለውም! አናክ ውንግሱ ነው የሚሉ ምሁራን አሉ፤ አባቱ ኡዳያና ነው የሚሉም አሉ። አስጎብኚዎች ግን ምሥራቁን ለኡዳያና፣ ለንግሥት ማሄንድራዳታና ለሦስት ወንዶች ልጆቻቸው፣ ማዶውን ለቁባቶች አከፋፍለው እንደ እርግጥ ያወራሉ። እንዲህ ከሆነማ የአገሬውን አፈ ታሪክ መስማት ይሻላል፤ ኬቦ ኢዋ የተባለ ግዙፍ ሰው ሁሉንም በአንድ ሌሊት በጥፍሩ ቧጦ ጨረሳቸው ይላል።

ከምሥራቁ ረድፍ ጎን መናንያን ይኖሩባቸው የነበሩ የዓለት ክፍሎች አሉ፤ ጫማ አውልቆ ነው የሚገባው። እነዚህ ቢያንስ ውስጥ አላቸው። የወንዙን ውኃ ደግሞ ሱባክ የሚባሉት የገበሬዎች ማኅበራት እየተከፋፈሉ ሩዝ ያለሙበታል፤ ዩኔስኮም በ2012 እ.ኤ.አ. የፓኬሪሳንን ተፋሰስ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው በዚሁ የመስኖ ሥርዓት ምክንያት ነው።