ከስድስቱ አምስቱ ቤት ይዋጣሉ

ከደብረ ብርሃን በጣርማ በር አድርጎ ሸዋ ሮቢት የደረሰ፣ ወይም ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ የወረደ መንገደኛ በአጭር ጊዜ ከደጋ ቆላ ይገባል። በአገራችን ወባ በብዛት የሚተላለፈው ከ2,000 ሜትር በታች ነው፤ ዋናው ወቅትም ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። ወላጆቹን ተከትሎ የወረደ የደጋ ልጅ ሰውነቱ ከወባ ጋር አልተላመደምና በሽታው ይበረታበታል።

ፋልሲፓረም ለተባለው ገዳይ የወባ ዓይነት ቀድሞ የሚሰጠው ፋንሲዳር ነበር። ተውሳኩ ፋንሲዳርን መቋቋም ስለጀመረ እ.ኤ.አ. በ2004 ኢትዮጵያ በአርቴሜተር-ሉሜፋንትሪን ተካችው፤ ብዙዎቻችን ኮአርተም የምንለው ነው። በውስጡ ሁለት መድኃኒት አለ። አርቴሜተር በሰዓታት ውስጥ አብዛኛውን ተውሳክ ገድሎ ትኩሳቱን ያበርዳል፤ ነገር ግን ቶሎ ከደም ይወጣል። ሉሜፋንትሪን ለቀናት ቆይቶ የተረፈውን ያጸዳል። አንዱ አጫጅ፣ ሌላው ቃርሚያ ለቃሚ ነው።

አደጋው ያለውም እዚህ ላይ ነው። በሁለተኛው ቀን ልጁ ድኖ ሲጫወት ያየች እናት ቀሪውን ኪኒን ለሌላ ጊዜ ልታስቀምጥ ትችላለች። ያን ጊዜ የተረፈው ተውሳክ እንደገና ይራባል፤ በሽታውም ያገረሻል።

ሕክምናው በሦስት ቀን ስድስት ጊዜ ይወሰዳል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ስምንት ሰዓት በኋላ፣ የቀሩት ጠዋትና ማታ ናቸው። ክብደቱ ከ5 እስከ 15 ኪሎ ያልሞላ ልጅ በየጊዜው አንድ ፍሬ፣ ከ15 እስከ 25 ያልሞላ ሁለት ፍሬ ይውጣል። ሉሜፋንትሪን ከሰውነት ጋር በደንብ የሚዋሐደው ቅባት ሲያገኝ ነውና ከወተት፣ ከጡት ወይም ዘይት ካለበት ምግብ ጋር ይሰጥ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ካስታወከው ያው መጠን ይደገማል፤ ለጎደለው ምትክ ከጤና ኬላ ይጠየቃል።

ትኩሳት ሁሉ ግን ወባ አይደለም፤ ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዓይነትም ሕክምናው ሌላ ነው። ስለዚህ ልጁ ባተኮሰው ዕለት ጤና ኬላ ሄዶ ደሙን ይመርመር። እንደሚጥል በሽታ ካንቀጠቀጠው፣ ራሱን ከሳተ ወይም መጠጣት ካቃተው ኪኒን አይበቃውምና ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይወሰድ።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የመጀመሪያውን መጠን ፊቷ ታስውጣለች። አምስቱ የቤተሰቡ ኃላፊነት ናቸው። እናት ገበያ ብትውል አያት ወይም ታላቅ እኅት ሰዓቱንና ፍሬውን ማወቅ አለባቸው፤ መድኃኒቱ ልጁን የሚያድነው እንዲህ ሲጨረስ ነው።